ሬዚኑ ለምን አልደረቀም? ሐዋሳ ላይ ለዕረፍት ሬዚን ለሚማሩ ችግርና መፍትሄ

ሬዚን ማጠንከሪያ ከሚባል ሌላ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ የሚፈስ፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት የሚጠነክር ፈሳሽ ነው፤ ጥፋቱን ግን ወዲያው አይናገርም። ትሪው ላይ ሲፈስ የሁሉም ሰው ሥራ ያማረ ነው፤ ያብረቀርቃል፣ ቀለሙ ይዋኛል። ጉዱ የሚታየው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ሲብስም ሻንጣው ተዘግቶ አዲስ አበባ ከተገባ በኋላ። ስለዚህ ሐዋሳ ለዕረፍት ወርዶ የግማሽ ቀን የሬዚን ሥልጠና የሚወስድ ሰው ቀለም ከመምረጡ በፊት ቀን ይምረጥ።

ኤፖክሲ ሬዚን በ24 ሰዓት ገደማ ለእጅ ይደርቃል፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 7 ቀን ቆይቶ ነው። ሐሙስ ገብቶ እሑድ የሚመለስ ሰው ዓርብ ጠዋት ይማር። ቅዳሜ ማታ የተፈሰሰ ትሪ እሑድ ጠዋት መኪና ላይ ሲወጣ ገና ሊጥ ነው። ከቀኑም ሰዓት አለው፤ ጥሩው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ያለው ነው። የሌሊቱ ብርድና የንጋቱ እርጥበት ያኔ ለቅቋል፤ ከሰዓት በኋላ አቧራ የሚያነሳው ነፋስም ገና አልበረታም።

በማግስቱም ይጣበቃል

ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ ይህ ነው፤ አጣባበቁ ግን ዓይነት አለው። ጓንት አድርገው ከጠርዙ እስከ መሃሉ አምስት ስድስት ቦታ በጣት ይንኩ። መድኃኒቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ቦታ እኩል ለስልሶ ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ ከሆነ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ነው። ኤፖክሲ የሚመቸው ከ21 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ ከ15 በታች ሲወርድ ሥራው እጅግ ይዘገያል። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቀኗ ስለሚሞቅ እንግዳ ሌሊቷን ይንቃል፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊት በረንዳ ላይ ያደረ ሥራ ይተኛል። መላው ቀላል ነው። ሥራውን ሰፊ ካርቶን ውስጥ በጠፍጣፋ ቦታ ያስቀምጡ፤ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው፣ ሥራውን ሳይነኩ ግራና ቀኝ ያቁሙና ካርቶኑን ይዝጉ። ውሃውን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይቀይሩ። መብራት ቢጠፋም የሚሠራ ዘዴ ነው። በብርድ ብቻ የዘገየ ሬዚን በአንድ ቀን ውስጥ ይነሳል።

አብዛኛው ደርቆ እዚህም እዚያም እንደ ሽሮፕ የቀረ ቦታ ካለ ግን ችግሩ ማማሰሉ ላይ ነው። ኩባያው ግድግዳና ታች ላይ የተጣበቀው ሬዚን ማጠንከሪያውን ሳያገኝ ይቀራል፤ ከዚያ ኩባያው ሲገለበጥና በማማሰያ ሲፋቅ ያ ያልተዋሐደው ሥራው ላይ ያርፋል። ሠልጣኝ ጠብታ እንዳይባክን ብሎ ሙልጭ አድርጎ ይፍቃል፤ ሥራውን የሚያበላሸው ያችው ጠብታ ናት። መፍትሄው፦ እርጥቡን በካርቶን ቁራጭ ይፈቁ፣ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ደጋግመው ይጥረጉ፣ ዙሪያውን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ፣ አቧራውን ያንሱ፣ ከዚያ በደንብ የተቀላቀለ ሬዚን ይሙሉበት። ለሚቀጥለው ደግሞ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በቀስታ ያማስሉ፤ በየመሃሉ ግድግዳውንና ታቹን ይፈቁ፤ ወደ ሁለተኛ ንጹሕ ኩባያ ገልብጠው በሌላ ማማሰያ አንድ ደቂቃ ይጨምሩ። ባለ ሁለት ኩባያው ዘዴ አሰልቺ ቢመስልም አንዱን ኩባያ ለመቆጠብ ትሪ ማጣት አያዋጣም።

ከ72 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀትም አግኝቶ፣ መላው ፊቱ አሁንም ሙጫ ከሆነ ልኬቱ ተሳስቷል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይመላለሳሉ።

አንደኛው «ቶሎ እንዲደርቅ ማጠንከሪያ ጨመር አድርጉበት» የሚለው ምክር ነው። ይህ ልማድ የመጣው ከፖሊስተር ሬዚን ነው፤ የመኪና አካልና የፋይበርግላስ ጋን የሚጠግኑ ሰዎች የሚሠሩበት፣ ሽታው አናት የሚመታው ማለት ነው። ፖሊስተር ላይ የሚጨመረው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ የሆነ አስነሺ ስለሆነ መጠኑ ፍጥነቱን ይለውጣል። ኤፖክሲ ግን ጋብቻ ነው፤ የሬዚኑ ሞለኪውል ከማጠንከሪያው ሞለኪውል ጋር በልክ ይጣመራል። ትርፍ ማጠንከሪያ አጣማሪ ስለማያገኝ እስከ መጨረሻው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው በመጠን የተባለውን በክብደት መለካት ነው። ጠርሙሱ ላይ «1 ለ 1 በመጠን» ተብሎ ሳለ ሚዛን ላይ 100 ግራም ለ100 ግራም ከተደረገ ማጠንከሪያው ይበዛል፤ ሬዚኑ ከማጠንከሪያው ስለሚከብድ። ሬዚኑ በሚሊ ሊትር 1.15 ግራም፣ ማጠንከሪያው 0.97 ግራም ቢመዝን፣ ለ100 ግራም ሬዚን የሚበቃው 84 ግራም ገደማ ነው። የሁሉም ፋብሪካ ልክ አንድ ስላልሆነ የክብደቱን ቁጥር ከጠርሙሱ ያንብቡ፤ እሱ ከሌለ ሚዛኑን ትተው መስመር ባለው ኩባያ ይለኩ። ሥልጠናው እንደጀመረ አሰልጣኙን «በመጠን ነው በክብደት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ልኬቱ የተሳሳተ ሥራ በራሱ አይድንም፤ ላዩ ላይ ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባትም ያባብሰዋል። የሚፋቀውን ያህል ይፈቁ፣ በአልኮል ይጥረጉ፣ በትክክል የተለካ 2 ሚሊ ሜትር ሬዚን ያልብሱት። ከሥር ያለው ፈሳሽ ሆኖ ከቀረ ግን ጠርጎ አውጥቶ ከዜሮ መጀመር ነው።

አረፋ

የሚወጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከማማሰሉ ወይም ከሥር ካለው ነገር። መላው ሬዚን ውስጥ የተበተነ ደቃቅ አረፋ ከማማሰል የመጣ ነው፤ እንደ እንቁላል ተመትቷል፣ ወይም ሬዚኑ ቀዝቅዞ ወፍሯል። ከመክፈትዎ በፊት የሬዚኑን ጠርሙስ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያቁሙት፣ ከዚያ ውጪውን ፍጹም ያድርቁ፤ ኩባያው ውስጥ የገባ አንድ ጠብታ ውሃ ሌላ ችግር ይወልዳል። የሞቀ ሬዚን እንደ ዘይት ይፈሳል፣ አረፋውንም ይለቃል። ታዲያ ቶሎ እንደሚጠነክርም አይርሱ፤ የ40 ደቂቃ የመሥሪያ ጊዜ ወደ 25 ሊወርድ ይችላል።

ከአንድ ቦታ እየተመላለሰ፣ በሰንሰለት የሚወጣ አረፋ ግን የእንጨቱ ትንፋሽ ነው። ዋንዛም ሆነ ኮምፔርሳቶ ቀዳዳ አለው፤ በሬዚኑ ሙቀት ውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል። እንጨቱ አስቀድሞ በብሩሽ ስስ ሬዚን ተቀብቶ፣ ቢያንስ እስኪጣብቅ 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ መሆን አለበት። የግማሽ ቀን ሥልጠና ለዚህ ጊዜ ስለሌለው ትሪው አስቀድሞ የተቀባ መሆኑን ይጠይቁ። ካልተቀባ ሸራ ወይም የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ይምረጡ።

በሚፈስበት ሰዓት አረፋውን የሚያፈነዳው ነበልባል ነው። የጋዝ ችቦውን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አርቀው፣ እንደ ካውያ ሳያቆሙ ያሳልፉት። አንድ ቦታ ላይ 3 ሰከንድ ከቆየ ፊቱ ይጨማደዳል ወይም ይቢጫል። ቀለሙ በአልኮል የተበጠበጠ ከሆነ እሳት ጨርሶ አይቅረብ። ደርቆ የቀረ አረፋ በመርፌ ተከፍቶ፣ ቀዳዳው በስንጥር ጫፍ በሬዚን ይሞላል፤ ሲደርቅ ይሞረዳል።

ኩባያው ጋለ፣ ጨሰ፣ ተሰነጠቀ

ኤፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። ትሪ ላይ ሲሰፋ ሙቀቱ ይበተናል፤ ጠባብ ኩባያ ውስጥ ሲከማች ግን ራሱን ያፋጥናል። ፎቶ እየተነሱ ኩባያውን 20 ደቂቃ ያቆዩ ሰዎች በድንገት የሚፋጅና የሚጨስ ድንጋይ ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ይቀላቅሉ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ትሪ፣ በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 15 × 15 × 3.14 × 0.3 ሲባዛ 212 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለኩባያው የሚቀረውን ጨምረው 240 ይያዙ፤ ልኩ 2 ለ 1 ከሆነ 160 ሬዚን፣ 80 ማጠንከሪያ። ቀለም ሲከፋፍሉ ቶሎ ወደ ትናንሽ ኩባያዎች ይበትኑት።

የጋለ ኩባያ ካጋጠመ አይነፉበት፣ ፊትዎን አያስጠጉ፣ ወረቀት ያለበት ቅርጫት ውስጥም አይጣሉት። ውጪ አውጥተው ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ውፍረት ካሻዎት ደግሞ ለወፍራም ማፍሰሻ የተዘጋጀ ሌላ ዓይነት ሬዚን አለ፤ የሽፋኑን ሬዚን በአንድ ጊዜ 2 ሳንቲ ሜትር ማፍሰስ መሰንጠቅን መጋበዝ ነው።

ፊቱ ደበዘዘ፣ እጅ ሲነካው ቅባት መሰለ

ክረምት ላይ፣ ወይም ክፍሉ ሐይቁ ዳር ሆኖ መስኮቱ ተከፍቶ ያድራል እንበል። ማጠንከሪያው ከአየሩ እርጥበትና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተገናኝቶ ሰም የመሰለ ስስ ሽፋን ይሠራል። የሚያስፈራ ይመስላል እንጂ ቀላሉ ችግር ይህ ነው፤ ሬዚኑ በደንብ ከደረቀ በኋላ ለብ ባለ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ስፖንጅ ታጥቦ ይለቃል። ሳያጥቡ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ግን ቅባቱን ውስጥ ያሰርጸዋል፤ ላዩ ላይ የሚፈሰው ሁለተኛ ሽፋን በኋላ ይላጣል። ከላዩ ሳይሆን ከውስጡ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ያ አይታጠብም።

እንደ ዓሣ ዓይን የተከፈቱ ጉድጓዶች

ሬዚኑ ከአንድ ነጥብ ሸሽቶ ክብ ባዶ ቦታ ከተወ ከሥር ቅባት አለ። ሎሽን፣ ቫዝሊን፣ የፀጉር ቅቤ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ወይም ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ዓሣ በልተው በደንብ ያልታጠቡ ጣቶች። ገና እርጥብ ሳለ ከታየ ጉድጓዱን በማማሰያ ጫፍ አሽተው ሬዚን ይመልሱበት፤ አንዳንዴ ይይዛል። ከደረቀ በኋላ በ220 ቁጥር ሞርዶ፣ በአልኮል ጠርጎ ሁለተኛ ሽፋን ማፍሰስ ነው። ትሪውን ጠርዙን ይዘው ያንሱ፤ ፊቱን በመዳፍ አይዳብሱት።

ማዕበሉ ጭቃ ሆነ

ሐዋሳ የመጣ ሰው ሐይቁን መሥራት ይፈልጋል፤ ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ አረፋ፣ የአሸዋ ዳር። ስዕሉ የሚበላሸው በችኮላ ነው። እንደተቀላቀለ የፈሰሰ ሬዚን ቀጭን ስለሆነ ነጩ ሰማያዊው ውስጥ ይሰምጥና ሁሉም ግራጫ ይሆናል። ማማሰያውን ሲያነሱ እንደ ተጣራ ማር ክር ሠርቶ እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ሞቅ ባለ ቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ሰማያዊው ጠርዝ ላይ ጣት የማይሞላ ስስ ነጭ መስመር ያፍሱ፤ የሞቀ አየር መንፊያውን በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ዘንበል አድርገው ከነጩ ወደ አሸዋው ይንፉ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ውሃው ይመልሱት። መረብ የሚመስለው አረፋ በዚህ መመለስ ላይ ይወጣል። ሦስተኛና አራተኛ ጊዜ መንፋት ግን የተሠራውን ያፈርሳል። እጅን መግታት እዚህ ላይ ከባድ መሆኑ እውነት ነው።

መረቡ እምቢ ካለ ነጩን ይጠርጥሩ። ለ100 ግራም ሬዚን ከ2 እስከ 5 ግራም የቀለም ሊጥ ይበቃል፤ ሲበዛ ሬዚኑን ያለሰልሳል። የምግብ ቀለምና በውሃ የተበጠበጠ ቀለም አይግባ። ጭቃ ሆኖ የደረቀ ማዕበል አይጣልም፤ ሞርደው፣ ጥርት ያለ ሬዚን አልብሰው፣ ማዕበሉን ላዩ ላይ እንደገና ይሠሩታል። ጥልቀት ስለሚጨምር አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምራል።

ቡና ፍሬ፣ አበባ፣ አሸዋ

ረከቦት የሚሠራ ሰው ቡና መበተኑ አይቀርም። አዲስ የተቆላ ቡና ለቀናት ጋዝ ይተነፍሳል፣ ዘይትም ያወጣል፤ ዙሪያው የአረፋ አክሊል የሚሠራው ለዚህ ነው። ጥሬው ደግሞ ውስጡ እርጥበት አለው። ፍሬዎቹን ከአንድ ቀን በፊት በጥቂት ሬዚን አሽቶ፣ ላስቲክ ላይ አራርቆ ማድረቅ ሁለቱንም ይዘጋል። ጊዜ ከሌለ ከተቆላ ቆየት ያለ ቡና ይጠቀሙ፤ ሬዚኑን በሁለት ዙር አፍስሰው ፍሬውን በመጀመሪያው ስስ ዙር ላይ ያስይዙ።

የተቀጠፈ አበባ ሬዚን ውስጥ ይጠቁራል፤ አደይ አበባም ያው ነው። መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት መድረቅ አለበት። ለእረፍተኛ የሚቀለው ቦገንቪላ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ስስ ስለሆነ በሁለት ነጭ ወረቀት መሃል አድርገው፣ ውሃ የሌለበት ካውያ በዝቅተኛ ሙቀት 10፣ 10 ሰከንድ እያሳረፉ ቢደጋግሙት ይደርቃል። ከሐይቁ ዳር የተሰበሰበ አሸዋ ይታጠብ፣ በብረት ድስት ይታመስ፣ ይቀዝቅዝ። ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ይንሳፈፋል፣ አረፋም ያወጣል፤ እሱንም እንደ ቡናው ቀድመው ይቀቡት።

አንድ ወገን ወፈረ፤ ትንኝ ገባ

ጠረጴዛው አዘንብሏል። ከማፍሰስዎ በፊት ውሃ ልክ በሁለት አቅጣጫ ያስቀምጡ፤ ካርቶን አጥፈው እግሩ ሥር ይክተቱ። ከሥር የተንጠለጠለውን ጠብታ በየ10 ደቂቃው በጓንት ጣት ይጥረጉ፤ ከደረቀ በኋላ ሞረድ እንጂ ቢላ አይነካውም። ትንኝ ማታ መብራት ይከተላል፤ ሐይቅ ዳር ደግሞ በብዛት። ሥራውን ካርቶን ደፍተው ይሸፍኑ፣ ካርቶኑንም አስቀድመው ከአቧራ ያራግፉ፣ መብራቱን ያጥፉ። ገና እርጥብ ከሆነ በወረንጦ ይወጣል፤ ግማሽ ከጠነከረ አይነካኩት፣ ከደረቀ በኋላ ሞርደው ይሸፍኑት።

መንገድ ላይ የካርቶን ምልክት ያዘ፣ ጎበጠ

24 ሰዓት የሞላው ሬዚን ደረቅ ይመስላል እንጂ ሙቀት ያጎብጠዋል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ ምድጃ ነው። ፊቱን የአየር አረፋ ባለው መጠቅለያ ፕላስቲክ ወይም በጋዜጣ አይጠቅልሉ፤ ሁለቱም ማህተማቸውን ይተዋሉ። የመጋገሪያ ወረቀት ጣል አድርገው፣ በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ምንም ሳይጫንበት ይጓዝ። ሻንጣ ውስጥ በቁሙ አይሂድ። ባቱ ላይ ለምሳ ሲቆሙ መኪናውን ጥላ ፈልገው ያቁሙ። የጎበጠውን በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው፣ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተው እስኪቀዝቅዝ ቢይዙት ይመለሳል። በአውሮፕላን የሚመለስ ሰው የደረቀውን ሥራ መያዝ ይችላል፤ የተረፈውን ፈሳሽ ማጠንከሪያ ግን ሻንጣ ውስጥ አይክተት፤ ብዙዎቹ ቆዳና ብረት ከሚበሉ ኬሚካሎች ምድብ ናቸው።

እጄን አሳከከኝ

ይህን አያቃልሉት። ኤፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ አንዴ ሰውነት ካመጸበት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ትንሽ ነክቶትም ያብጣል፣ ዕድሜ ልክም ሊቆይ ይችላል። የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፣ ሲቆሽሽ ይቀይሩ። ቆዳ ላይ የነካውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፤ አሴቶንና አልኮል የቆዳውን መከላከያ አዳክመው ኬሚካሉን ወደ ውስጥ ይነዱታል። ሽፍታ ካለ ሥራውን ያቁሙ፣ ካልለቀቀ ሐኪም ይዩ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ሬዚኑ በሚፈስበት ክፍል ባይቀመጡ ይሻላል። ሲሞርዱ በውሃ ይሞርዱ፣ የአቧራ ጭምብል ያድርጉ። የተረፈ ፈሳሽ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቁ አይደፋም፤ ኩባያው ውስጥ ደርቆ ይጣላል።

ቤት ከገባ በኋላ የጀበና ክብ ምልክት

ተራ ኤፖክሲ 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። ሲኒ ብዙም አይጎዳውም፤ ከእሳት የወረደ ጀበና ግን ክቡን አትሞ ይነሳል። የሬዚን ረከቦት ላይ ጀበና ያለ ማቶት አይቀመጥ፣ የፍም ማጨሻም አይጠጋ። ጥልቀት የሌለው ምልክት በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ ሲደረግ ራሱ ይመለሳል፤ ጥፍር የሚይዘው ከሆነ በ400 ከዚያ በ800 ቁጥር በውሃ ሞርደው 1 ሚሊ ሜትር አዲስ ሽፋን ያልብሱት፣ ሳምንት ሳይሞላውም ቡና አያቅርቡበት።